ሰማያዊው የመዳብ ድንጋይና ጥቅሙ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ጉለሌ ውስጥ፣ በምኖርበት ሰፈር በጓሮአቸው ድንች የሚተክሉ አንዲት እናት አሉ። ባለፈው ክረምት ድንቹ አምሮ ሳለ ዝናቡና ጉሙ ሲበረታ በቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታየ። ልጃቸው የሰው ምክር ሰምቶ ከገበያ ጥቂት ሰማያዊ ድንጋይ በወረቀት ተጠቅልሎ ገዛና በቆርቆሮ ባልዲ በጥብጦ በመጥረጊያ ረጨው። በሦስተኛው ቀን በሽታ ያልነካው ቅጠል ሳይቀር እሳት እንደ ለበለበው ሆኖ ተኰማተረ። ባልዲውም ውስጡ ቀልቶ ተገኘ።

እማማ አስጠሩኝና፣ «ልጄ፣ አንተ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ትማራለህ ይባላል። እስቲ ይህ ድንጋይ ድንቼን ምን አደረገብኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ኮፐር ሰልፌት ይባላል፣ እማማ» አልኋቸው።

«ስሙን መች ጠየቅሁህ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የድንጋዩን ፎርሙላ አውቀዋለሁ፤ የሞለኪዩሉን ክብደት እስከ አንድ ነጥብ ድረስ እነግራቸው ነበር። ለፈተናም ጽፌው ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ነገር ግን የአንዲት ሴት የዓመት ቀለብ ለምን እንደ ተቃጠለ አላውቅም ነበር። ይህን ነገር ለማወቅ ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንታት መጻሕፍት ሳገላብጥ፣ በላቦራቶሪም ስሞክር ቆየሁ። ያገኘሁትንም ለእናንተ ለጓደኞቼ ለማካፈል ይህን ጽፌአለሁ።

ድንጋዩ ምንድር ነው?

ሰማያዊ የመዳብ ማዕድን ሲባል አንድ ብቻ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የታወቁት ሁለት ናቸው። አንደኛው አዙራይት የሚባለው ሲሆን፣ መዳብ ከካርቦኔት ጋር ተዋሕዶ የሚሠራው ጥቁር ሰማያዊ ድንጋይ ነው። ይህ በውሃ አይሟሟም። ስለዚህም በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሠዓሊዎች እየፈጩ የሰማይንና የእመቤታችንን ልብስ ይቀቡበት ነበር። ጉድለቱ ግን እርጥበት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ወደ ወንድሙ ወደ አረንጓዴው ማላካይት መለወጡ ነው፤ በአንዳንድ የጥንት ሥዕል ላይ ሰማዩ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው፣ የእማማን ድንች ያቃጠለው፣ ካልካንታይት ይባላል። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የመዳብ አበባ» እንደ ማለት ነው። መዳብና ድኝ ያለበት ድንጋይ ለአየርና ለእርጥበት ሲጋለጥ ድኙ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐድና ሰልፌት ይሆናል፤ ውሃው ሲተንም በማዕድን ጉድጓድ ግድግዳ ላይ እንደ አበባ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን በውሃ እጅግ ስለሚሟሟ ዝናብ ባለበት አገር ሜዳ ላይ አይቆይም። በብዛት የሚገኘው እንደ ሰሜን ቺሌ ባለ ዝናብ በማያውቀው ምድረ በዳ ወይም በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነው። በገበያ የምናገኘው ከመሬት የተቈፈረው ሳይሆን በፋብሪካ የተሠራው ነው፤ ይኸውም አሮጌ መዳብን በሰልፉሪክ አሲድና በአየር አሟሙቶ፣ ፈሳሹን አቀዝቅዞ በማርጋት ይገኛል። በጠባዩም ከተፈጥሮው ድንጋይ አይለይም።

በአንድ ኪሎ ድንጋይ ውስጥ መዳቡ 255 ግራም ያህል ነው። ውሃው ግን 360 ግራም ያህል ይሆናል! ይህን ማናችንም በላቦራቶሪ ልናየው እንችላለን። ጥቂቱን በመስተዋት ቱቦ አድርገን በእሳት ብናሞቀው በቱቦው አፍ ላይ የውሃ ጤዛ ይታያል፤ ሰማያዊውም ድንጋይ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ጠብታ ውሃ ብንጨምርበት ወዲያው ይሞቃል፣ ተመልሶም ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ ቀለሙ የመዳቡ ብቻ ሳይሆን መዳቡ ውሃን ዙሪያውን ይዞ ሲቀመጥ የሚመጣ ነው። ከብርሃን ውስጥ ቀዩን ክፍል ስለሚውጥ የተረፈው ለዐይናችን ሰማያዊ ሆኖ ይታየናል። ነጩ ዱቄትም በሌላ ፈሳሽ ውስጥ ውሃ መኖር አለመኖሩን ለመመርመር ይረዳል።

ባልዲው ለምን ቀላ?

የተበጠበጠ የመዳብ ሰልፌት ውስጥ ንጹሕ ሚስማር ብንከት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሚስማሩ ቀይ ልብስ ይለብሳል። ልብሱ መዳብ ነው። ብረትም ሆነ የቆርቆሮው ልባስ የሆነው ዚንክ ከመዳብ ይልቅ ለመሟሟት የቀረቡ ናቸው፤ ስለዚህ እነርሱ ወደ ውሃው ሲገቡ መዳቡ ቦታውን ለቅቆ ይወጣል። የእማማ ባልዲ የቀላው በዚህ ምክንያት ነው። በባልዲው ላይ የቀረው መዳብ ወደ ድንቹ ሊሄድ ይገባው የነበረ ነው፤ ባልዲውም እየተበላ ሄዷል። የመዳብ ሰልፌት በብረትና በቆርቆሮ ዕቃ አይበጠበጥም የሚባለው ስለዚህ ነው። ፕላስቲክ፣ እንጨት ወይም የሸክላ ዕቃ ይሻላል።

ይህ ጠባይ ለጨዋታ ብቻ የሚሆን አይደለም። በቻይና በሶንግ መንግሥት ዘመን፣ በ11ኛው መቶ ዓመት፣ ከማዕድን ጉድጓድ በሚወጣ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ብረት እየጨመሩ ብዙ መዳብ ያወጡ ነበር። በስፔን አገር በሪዮ ቲንቶም ይህ ዘዴ ለብዙ ዘመን ተሠርቶበታል። እኛም አገር መዳብ የለም ማለት አይደለም። አክሱማውያን ከወርቅና ከብር ሌላ የመዳብ ገንዘብ ያትሙ ነበር፤ በትግራይም በሽሬ በኩል ተራኪምቲ በተባለው ስፍራ ከወርቅና ከዚንክ ጋር የተቀላቀለ መዳብ መኖሩ በቁፋሮ ተረጋግጧል።

በእርሻ

መዳብ የሻጋታ ጠላት መሆኑን ያስተዋለው ቤኔዲክት ፕሬቮ የተባለ ፈረንሳይ ሀገር የነበረ መምህር ነው። ስለ ስንዴ አረማሞ ሲመረምር፣ የአረማሞው ዘር በመዳብ ዕቃ ውስጥ በነበረ ውሃ ሲቀመጥ እንደማይበቅል አየ። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1807 ጽፎ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ግን ብዙ ሰው አልሰማውም። በ1845 የድንች በሽታ አየርላንድ ገብቶ በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሀብና በረሀብ በመጣ በሽታ ሲያልቅ መድኃኒቱ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር፤ ያነበበና በተግባር ያዋለ ግን አልነበረም። የእማማን ድንች የያዘውም ያው በሽታ ነው።

ነገሩ እንደገና የተገኘው በወይን ሌቦች ምክንያት ነው። በቦርዶ አጠገብ በሜዶክ አውራጃ ወይን ተካዮች በመንገድ ዳር ያለውን ወይናቸውን መንገደኛ እንዳይበላባቸው መርዝ ይመስል ዘንድ የመዳብ ሰልፌትና ኖራ ቀላቅለው ይረጩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 ፕሮፌሰር ሚላርዴ በዚያ ሲያልፉ የመካከሉ ወይን በሻጋታ ቅጠሉ ረግፎ ሳለ የመንገድ ዳሩ ወይን ግን አረንጓዴ ሆኖ አዩ። ጠየቁ፤ ሞከሩ፤ በ1885 ለዓለም ገለጡ። «የቦርዶ ድብልቅ» የተባለው መድኃኒት ይኸው ነው። ገበሬው ሌባ ለማስፈራራት ያደረገውን ሊቁ አይቶ ምክንያቱን መጠየቁ ነው የሳይንስን ሥራ ሥራ ያሰኘው።

እንግዲህ የእማማ ልጅ የዘነጋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኖራውን። የመዳብ ሰልፌት ብቻውን ሲበጠበጥ ውሃው ኮምጣጣ ይሆናል፣ መዳቡም ፈትቶ ወዲያና ወዲህ የሚል ስለ ሆነ ወደ ቅጠሉ ሥጋ ዘልቆ ይገባል። ሻጋታውን የሚገድል ኀይል ቅጠሉንም ይገድላል። ኖራ ሲጨመርበት ግን ኮምጣጣነቱ ይጠፋል፤ መዳቡም የማይሟሟ ሰማያዊ ዝቃጭ ሆኖ በቅጠሉ ላይ እንደ ቀለም ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ ጤዛ ባረፈ ቍጥር እጅግ ጥቂት ጥቂት መዳብ ይለቃል። ያች ጥቂት ቅጠሉን አትጎዳም፣ በቅጠሉ ላይ ያረፈውን የሻጋታ ዘር ግን እንዳይበቅል ታደርጋለች።

አሠራሩን እንደሚከተለው ባጭሩ እገልጻለሁ።

1ኛ/ 100 ግራም ሰማያዊ ድንጋይ በ5 ሊትር ውሃ በፕላስቲክ ዕቃ ማሟሟት።

2ኛ/ በሌላ ዕቃ 100 ግራም በውሃ የበረደ ኖራ በ5 ሊትር ውሃ በጥብጦ ማጥለል።

3ኛ/ ሰማያዊውን ውሃ በኖራው ላይ ቀስ አድርጎ ማፍሰስና ማማሰል። ድብልቁ እንደ ሰማይ ቀለም ደፍረስ ያለ ይሆናል።

4ኛ/ ንጹሕ ሚስማር ወይም ቢላዋ ለአንድ ደቂቃ መንከር። ቀይ ልብስ ከለበሰ ነፃ የሆነ መዳብ ቀርቷልና ጥቂት ኖራ መጨመር። ካልቀላ ለመርጨት ደርሷል።

5ኛ/ በዚያው ቀን መርጨት፤ ካደረ ጥቅሙ ይቀንሳል። ሲረጩ ዐይንንና እጅን መጠበቅ ያስፈልጋል።

አራተኛው ነጥብ እኔን እጅግ ደስ ያሰኘኝ ነው። ለፈተና ያጠናነው የሚስማሩ ሙከራ ለካ ድንቁ ይቃጠል አይቃጠል እንደሆነ የሚነግረን መሣሪያ ኖሯል! ባልዲው ሲቀላ ለማስተዋል የቻለ ሰው ቢኖር ድንቹ ከመረጨቱ በፊት ማስጠንቀቂያው ተሰጥቶ ነበር።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ይህ መድኃኒት ይከላከላል እንጂ አያድንም። ሻጋታው ቅጠሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ቢረጩት ዋጋ የለውም። ዝናቡ ሲበረታ ነጠብጣቡ ከመታየቱ በፊት መርጨትና ዝናብ ባጠበው ቍጥር መድገም ይገባል። ደግሞም መዳብ ንጥረ ነገር ስለ ሆነ አይበሰብስም፤ ዓመት በዓመት በተረጨበት መሬት ውስጥ እየተከማቸ የምድሩን ትልና ጥቃቅን ሕይወት ይጎዳል። በአውሮፓ መቶ ዓመት በላይ የተረጨባቸው የወይን ቦታዎች ይህ ችግር ስለ ደረሰባቸው የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 ጀምሮ በአንድ ሄክታር ላይ በ7 ዓመት ውስጥ ከ28 ኪሎ መዳብ በላይ እንዳይረጭ ወስኗል።

ከዚህ ጋር የቡናችንን ታሪክ ማንሳት ተገቢ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ በመጀመሪያ በኬንያ በ1922 ታየ። ኬንያውያን ተካዮች ለብዙ ዘመን በመዳብ መድኃኒት ሲታገሉት ኖሩ። በ1971 በሽታው ወደ እኛ ገባ። የእኛ ቡና ግን በብዛት በጫካና በጓሮ የሚበቅል፣ ባለቤቱም ድኻ ገበሬ ስለ ሆነ፣ በየዓመቱ ደጋግሞ መርጨት ለጥቂት ሰዎች እንጂ ለሁሉ የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ ጅማ አጠገብ በመልኮ የነበሩ ተመራማሪዎች በአገሩ ጫካ ውስጥ በሽታው ያልነካቸውን የቡና ዛፎች እየፈለጉ፣ እየመረመሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታ የሚቋቋሙ ዘሮች ለገበሬው አደረሱ። የቡና መገኛ መሆናችን ያን ጊዜ ጠቀመን፤ መድኃኒቱ በዚያው በዛፉ ዘር ውስጥ ነበረ።

በሐኪም ቤትና በላቦራቶሪ

ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የጉለሌ ላቦራቶሪ፣ አሁን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተብሎ ይሠራል። እንዲህ ባሉት ሥራ ቤቶች የመዳብ ሰልፌት የቆየ ወዳጅ ነው። ቤኔዲክት የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት የቀመመው ሰማያዊ ውሃ በሽንት ውስጥ ስኳር መኖሩን ይመረምራል። ጥቂት ሽንት ጨምረው ሲያፈሉት ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደ ሆነ ይቀራል፤ ካለ ግን እንደ ስኳሩ ብዛት አረንጓዴ፣ ብጫ፣ በመጨረሻም የሸክላ ቀይ ይሆናል። ስኳሩ ከመዳቡ ኦክስጅንን ስለሚቀማው ነው። በወረቀት የሚደረገው ምርመራ እስኪስፋፋ ድረስ የስኳር በሽታ የሚታወቀው በዚህ ነበር።

ደም ለመስጠት የሚመጣ ሰው ደሙ በቂ መሆኑን ለማወቅም ያገለግላል። የመዳብ ሰልፌት ውሃ ክብደቱ ከንጹሕ ውሃ 1.053 እጥፍ እንዲሆን ተደርጎ ይዘጋጃል። ከጣት የተወሰደ አንድ ጠብታ ደም ከላይ ይንጠባጠብበታል። ጠብታው በ15 ሴኮንድ ውስጥ ከሰመጠ ሄሞግሎቢኑ በ100 ሚሊሊትር ደም 12.5 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው፤ ከተንሳፈፈ ግን ደም ያንሰዋልና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን ዘዴ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን ሐኪሞች ያወጡት ሲሆን፣ መብራትም መሣሪያም ስለማይጠይቅ ለድኻ አገር የተስማማ ነው።

በድሮ ዘመን ሐኪሞች መርዝ የጠጣን ሰው ለማስታወክ ይህንኑ ድንጋይ ይሰጡ ነበር። ዛሬ ግን ተትቷል፤ ምክንያቱም እርሱ ራሱ ጨጓራን ይልጣል፣ ጉበትንና ኩላሊትን ያበላሻል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ስኳር መስሎ ሕፃን በሚደርስበት ስፍራ ማስቀመጥ ወይም በምግብ ዕቃ መበጥበጥ ፈጽሞ አይገባም።

መጠኑ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ከበጎች ልንማር እንችላለን። በስምጥ ሸለቆአችን በአንዳንድ ስፍራ ሣሩ መዳብ ያነሰበት በመሆኑ የበግና የፍየል ግልገሎች ወገባቸው እየተሳበ፣ መቆም እያቃታቸው እንደሚሞቱ የእንስሳት ሐኪሞች አረጋግጠዋል። ለእናቲቱ በጊዜው ጥቂት መዳብ ቢሰጣት ግልገሏ ይድናል። ነገር ግን ከእንስሳት ሁሉ በግ መዳብ ሲበዛባት ቶሎ የምትሞት ናት። የሚያድናት በግራም ክፋይ የሚለካ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይገድላታል።

የእንጦጦ ልጆች ስለ ሆንን ስለ ባሕር ዛፍም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ቡሼሪ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አካባቢ ከተቆረጠ ርጥብ ግንድ ውስጥ ውሃውን እያስወጣ በምትኩ የመዳብ ሰልፌት የሚያስገባ ዘዴ አወጣ፤ በአውሮፓ ብዙ የቴሌግራፍ እንጨት እንዲህ ሆኖ ሳይበሰብስ ኖሯል። ኋላ መዳቡን ዝናብ እንዳያጥበው ክሮሚየም፣ ምስጡን እንዲገድል ደግሞ አርሰኒክ ተጨመረበት። አረንጓዴ መልክ ያላቸው የመብራት ምሰሶዎች የሚነከሩት በዚህ ነው። እንዲህ ያለውን እንጨት ማንደድ ወይም በአመዱ መጠቀም መርዝ መሆኑን ምሰሶ ፈላጭ ሁሉ ቢያውቅ መልካም ነበር።

ቀንድ አውጣውና እንዶዱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመጣ ነው። ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይሄድም። በመካከል በወንዝ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ መውጣት አለበት። የጉለሌ ወንዞች ቀዝቃዛ ስለ ሆኑ ቀንድ አውጣውና ትሉ አይስማማቸውም። ከዚህ ዝቅ ባለው ወይና ደጋና ቆላ ግን ልብስ የምታጥብ ሴት፣ ከብት የሚያጠጣ ልጅ፣ በመስኖ የሚሠራ ገበሬ ሁሉ እግሩን ውሃ ውስጥ ሲያደርግ ይያዛል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይቆረጣል። ቀንድ አውጣን ለመግደል በመጀመሪያ በሰፊው የተሠራበት መድኃኒት ደግሞ ያው ሰማያዊ ድንጋይ ነው። በግብጽና በሱዳን በገዚራ የመስኖ ቦዮች ብዙ ኩንታል ተጨምሯል።

ውጤቱ ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። ድንጋዩ ይገድላል፤ ነገር ግን በቦዩ ውስጥ ያለው ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል መዳቡን ይይዘዋል፣ ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦኔትም ያዘቅጠዋል። ስለዚህ ደጋግሞ፣ በብዛት መጨመር ግድ ይሆናል። ዓሣውና ሌላው የውሃ ሕይወት ይጎዳል፤ ወጪው በየዓመቱ ውጭ ምንዛሪ ነው። ኋላ የመጡት መድኃኒቶች የተሻሉ ቢሆኑም ዋጋቸው ከድኻ አገር አቅም በላይ ነበር።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ጨርሰው እንደ ተመለሱ ይህንኑ በሽታ ለማጥናት ወደ አድዋ ሄዱ። ወንዝ ለወንዝ ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ አገኙ። ከዚያ በላይ ግን ሕያው ነበር። እንዶዱን ወስደው መረመሩ። በፍሬው ውስጥ ያለው አረፋ የሚያወጣው ነገር ቀንድ አውጣውን በጥቂት መጠን እንደሚገድል፣ በጥቂት ቀንም በውሃ ውስጥ ተበታትኖ እንደሚጠፋ ታወቀ። መዳብ ግን እንደማይጠፋ ከላይ አይተናል። ከዚያም በአድዋ ከተማ ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመት ያህል ሕዝቡ ራሱ በሰበሰበው እንዶድ ወንዙ ሲታከም ከ1 እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ላይ የነበረው በሽታ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር አክሊሉ በዩኒቨርሲቲያችን የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1989ም ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ነገር ግን በግኝቱና በሽልማቱ መካከል 25 ዓመት አለ። ከውጭ የመጣው መልስ የእንዶዱ መርዛማነት በታወቀ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ይመርመር፣ እዚህ የተደረገው ምርመራ አይበቃም የሚል ነበር። ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሰው ወደሚጠጣው ውሃ የሚገባ ነገር መመርመር አለበት፤ እንዶድም ዓሣ ይገድላል። የሚያሳዝነው ምርመራውን ተቀባይነት ባለው መንገድ የምናደርግበት ቤት ለራሳችን ስላልነበረን የሌላውን ፈቃድና ገንዘብ ስንጠብቅ ዘመን ማለፉ ነው። በዚያ መካከል ሕፃናት ወንዝ መውረዳቸውን አላቆሙም። ዛሬ በሽታው በይበልጥ የሚታገሉት ለተማሪዎች በሚታደል ፕራዚኳንቴል በተባለ ኪኒን ነው፤ ነገር ግን ኪኒኑን የዋጠ ልጅ ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ እንደገና ይያዛልና የንጹሕ ውሃና የቀንድ አውጣው ጉዳይ አልተዘጋም።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። እንዶድ የሸማኔው የሽሮ ሜዳ ሸማ ሲታጠብበት የኖረ፣ በየአጥሩ የሚንጠላጠል ነገር ስለ ሆነ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በአንጻሩ ሰማያዊው ድንጋይ ከውጭ የመጣ መድኃኒት ስለ ሆነ ባሠራሩ ሳንጠይቅ በቆርቆሮ ባልዲ በጥብጠን እንረጫለን። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ድንጋዩም እንዶዱም በራሳቸው ወዳጅም ጠላትም አይደሉም፤ ልካቸውንና ምክንያታቸውን ላወቀ ይጠቅማሉ፣ ላላወቀ ይጎዳሉ።

መደምደሚያ

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ወደ እማማ ግማሽ ኪሎ ኖራ፣ አንድ የፕላስቲክ ባልዲና አንድ ሚስማር ይዤ ሄድሁ። በመጀመሪያ ሚስማሩ ቀላ፤ ኖራ ጨመርን፤ ሁለተኛው አልቀላም። ልጃቸው ረጨ። ቅጠሉ አልተቃጠለም። በክረምቱ መካከል ሁለት ሳምንት ሳንረጭ ስላለፈ በአንድ ጥግ ያለው በሽታ ይዞታል፤ የቀረው ግን ለቀለብ በቃ። እማማም፣ «ያን ጊዜ ይህን ብትነግረኝ ኖሮ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጓደኞቼ ሆይ! እያንዳንዳችን ከየመንደራችን ወደዚህ ግቢ ስንመጣ መንደሩ ጥያቄውን ይዞ ይጠብቀናል። ፕሬቮ የጻፈውን አንባቢ አጥቶ አየርላንድ እንደ ተራበች አይተናል። ዶክተር አክሊሉም ያገኙት ነገር ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ ቆመው ስላዩ ነው። ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ከቤቱ አካባቢ አንድ ጥያቄ ይዞ የማይመለስ አይኑር። አንዱ የጠየቀውን ሌላው ያጠናው ይሆናልና በዚሁ መጽሔት ላይ ብናወጣው መልሱን በጋራ እንፈልገዋለን።